2-5-1 ላይ ሶሎ፦ ስኬል ሳናበዛ ኮርዱ ሲዞር እንዴት እናሰማ?

ታቦር_ሳክስ

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚቀርብ የቅዳሜ ምሽት ፕሮግራም ስታንዳርዶች (የታወቁ የጃዝ ዘፈኖች) እያጠናን ነው፤ አልቶ ሳክስ፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም። አብዛኛው ዘፈን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7 ነው፤ በሲ ሜጀር ስኬል 2ኛ፣ 5ኛና 1ኛ ኖታ ላይ ስለሚቆሙ 2-5-1 የሚባለው። ማስተማሪያው ለመጀመሪያው ዶሪያን፣ ለሁለተኛው ሚክሶሊዲያን፣ ለሦስተኛው አዮኒያን የሚባል ስኬል ንፋ ይላል፤ ሦስቱም ተገላብጠው ያው የሲ ሜጀር ኖታዎች ናቸው። ሁሉንም ትቼ ሲ ትዝታ ሜጀርን ብቻ ይዤ ስነፋ የሚጋጭ ነገር የለም፣ ግን ኮርዱ ተለወጠ አልተለወጠ ከሶሎው አይታወቅም። ቴምፖው ከ140 ሲያልፍማ ስኬል መቀየር ቀርቶ መተንፈሻም የለም። የምታቀሉበት መንገድ ካለ ወዲህ በሉ።

ሐይቅ_ዳር_ኪቦርድ

ትዝታው አላጠፋም፤ የጎደለውን እይ። ሲ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኤፍና ቢ የሉበትም። በዚህ ኮርድ አካሄድ ደግሞ ነገሩን የሚያዞሩት እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

ከሩቱ (ከኮርዱ መነሻ ኖታ) ስትቆጥር የየኮርዱን 3ኛና 7ኛ ኖታ ብቻ አውጥተህ እያቸው፦

ዲ ማይነር 7፦ ኤፍ እና ሲ
ጂ 7፦ ኤፍ እና ቢ
ሲ ሜጀር 7፦ ኢ እና ቢ

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትሄድ የተነቃነቀው አንድ ድምፅ ነው፤ ሲ በግማሽ ቶን ወደ ቢ ወረደ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ ኤፍ ወደ ኢ ወረደ። በቃ። ሩቱን ቤዙ ይዞታል፣ 5ኛው ቢቀርም አይናፍቅም።

አሁን አራቱን ኖታዎች ሰብስብና ጂን ጨምርባቸው፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ይሄ ባቲ ሜጀር ነው! የ2-5-1 ማዞሪያ በሙሉ ጆሮህ በደንብ በሚያውቀው ቅኝት ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ሲ ትዝታን ለጊዜው አስቀምጥና ሲ ባቲን ያዝ። የሳክስና የትራምፔት ኖታ አጠራር ከኪቦርዱ ስለሚለይ በአልቶ ከኤ ትጀምራለህ፦ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ። ቴነርና ትራምፔት ከዲ ይጀምራሉ፦ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በኪቦርድ ድምፅ ነው፣ እየገለበጣችሁ አንብቡ።

አምስቱ ኖታዎች ሁሉም ቦታ ያልፋሉ፣ ሁሉም ቦታ ግን አያርፉም። ጂ የትም ብታርፍበት ችግር የለውም። ኢ ደግሞ በሲ ላይ ቤቱ ነው፣ በሌሎቹ ሁለት ኮርዶች ላይም ቀለም ይሰጣል እንጂ አይረብሽም። ጥንቃቄው ለቀሪዎቹ ሦስቱ ነው። ኤፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮርዶች ላይ ያርፋል፤ ሲ ሜጀር 7 ላይ ብትቆምበት ግን ኪቦርዱ ከያዘው ኢ ጋር ይላተማል። ሲ በዲ ማይነርና በሲ ላይ ያርፋል፣ በጂ 7 ላይ አያርፍም፤ እዚያ ቢ አለ። ቢ በጂ 7ና በሲ ላይ ነው ቦታው፣ ዲ ማይነር ላይ ቀድመህ ካረፍክበት የሚቀጥለውን ኮርድ ሳይደርስ አወጣኸው ማለት ነው።

ቤዝ_በዝቶ

ሩቱን ለቤዝ የተወ ሰው እግዜር ይባርከው። ግማሹ ሶሊስት በየባሩ አንደኛ ምት ላይ ዲ፣ ጂ፣ ሲ እያለ ይነፋል፣ እኔም ዲ፣ ጂ፣ ሲ እላለሁ፤ ሁለት ቤዝ ሆነን አረፍነው።

ኪቦርዶችም ስሙ፦ ባንድ ውስጥ ግራ እጅ ከመሃል ሲ አንድ ኦክታቭ በታች ባይወርድ ይመረጣል። አሬንጀር ኪቦርድ ላይ ስታይል ከፍታችሁ የምትጫወቱም የስታይሉን ቤዝ ትራክ ዝጉት። ማሽኑ በራሱ መንገድ ሲራመድ እኔ በሌላ መንገድ ስራመድ ታች ያለው ድምፅ ይጨቀያል፣ ሶሊስቱም 3ኛውን መስማት አይችልም።

ታቦር_ሳክስ

ባቲው ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን ልምምዱ ከየት ይጀመር? በቀጥታ ዘፈን ላይ ስሞክረው እንደገና ስኬል መውጣትና መውረድ ይሆንብኛል።

ሐይቅ_ዳር_ኪቦርድ

ዘፈኑን ተወው መጀመሪያ። አራት ባር ብቻ ያዝ፦ ዲ ማይነር፣ ጂ 7፣ ሲ፣ ሲ። ሜትሮኖም 60 ላይ።

በመጀመሪያው ዙር በየባሩ አንድ ሆል ኖት (አራቱንም ምት የሚይዝ ኖታ) ብቻ ንፋ፦ ሲ፣ ቢ፣ ቢ፣ ቢ። ቀጥሎ ሌላውን መስመር፦ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ያለ ኪቦርድ ብቻህን ስትነፋ ኮርዱ በጆሮህ ሲዞር እስክትሰማው ድረስ ግን አትለፈው። መለኪያው እሱ ነው። ኮርዱን የሚመታልህ ሰው ካለ ብዙ ድምፅ አትጠይቀው፤ መሃል ሲንና ከሥሩ ያለውን ኤፍ ይያዝ፣ ሲን ወደ ቢ ያውርድ፣ ከዚያ ኤፍን ወደ ኢ።

ሁለተኛው ደረጃ ያንኑ መስመር ይዞ ሪትሙን መለወጥ ነው። ኖታ አትጨምር። ቢን ሦስት ጊዜ በተለያየ ቦታ ምታው፣ አንዱን አሳጥረው፣ አንዱን ሳበው። በሁለት ኖታ ብቻ የሚሰማ ሶሎ መሥራት ካልተቻለ በሰባትም አይቻልም።

ሦስተኛው ኮርዱን መዘርዘር ነው፣ በኳርተር ኖት (በየምቱ አንድ ኖታ)፦

ዲ ኤፍ ኤ ሲ | ቢ ዲ ኤፍ ኤ ፍላት | ጂ . . .

የመጀመሪያው ባር 1፣ 3፣ 5፣ 7 ነው፤ 7ኛው ሲ የሚወድቀው ቢ ላይ ነው። ሁለተኛው ባር ከቢ ተነስቶ 3፣ 5፣ 7፣ ፍላት 9 (በግማሽ ቶን የወረደ 9ኛ) ይላል፤ ኤ ፍላት ደግሞ በግማሽ ቶን ጂ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም የባር መሻገሪያዎች ግማሽ ቶን ናቸው። ሶሎው ሳይዘባርቅ የሚሄደው በዚህ ነው።

ሮዛ_ጊታር

ለጊታር ልጆች ሁለቱን መሪ ኖታዎች፣ 3ኛና 7ኛውን ማለቴ ነው፣ በ4ኛና በ3ኛ ክር ላይ ያዟቸው። ዲ ማይነር፦ 4ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ክር 5ኛ ፍሬት። ጂ 7፦ 4ኛው ባለበት ይቆይ፣ 3ኛ ክር ወደ 4ኛ ፍሬት ይውረድ። ሲ ሜጀር 7፦ 3ኛ ክር ባለበት፣ 4ኛ ክር ወደ 2ኛ ፍሬት። እጅ ከቦታው ሳይነሳ ሦስት ኮርድ አለቀ። ኮምፕ ስታደርጉም (ሶሊስቱን በኮርድ ስታጅቡ) ይሄው ይበቃል፤ ስድስቱንም ክር እየጎተቱ ሳክሱን ማፈን ነውር ነው።

ታቦር፣ ወንድሜ፣ ወደ ኤይትዝ (በየምቱ ሁለት ኖታ) ስትሻገር ደግሞ ይቺን መስመር ሞክራት፦

ዲ ኢ ኤፍ ኤ ሲ ኢ ዲ ሲ | ቢ ዲ ኤፍ ኤ ፍላት ጂ ዲ ኤፍ ዲ ሻርፕ | ኢ

ምት ላይ የወደቁትን ብቻ ቁጠር። በመጀመሪያው ባር ዲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ዲ፤ ሁሉም የዲ ማይነር ናቸው። በሁለተኛው ቢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤፍ፤ ሁሉም የጂ 7 ናቸው። በምቶቹ መሃል የገባው ኖታ ከስኬል ውጭ ቢሆንም ጆሮ ይምረዋል። መጨረሻ ላይ ኤፍና ዲ ሻርፕ ኢን ከላይና ከታች ከበው ነው የሚያስገቡት። ይሄን ከበባ የትኛውም ማረፊያ ላይ መጠቀም ትችላለህ፦ ከላይ የስኬሉ ኖታ፣ ከታች ግማሽ ቶን፣ ከዚያ ማረፊያው። አዘውትሮ የሚበላሸው ቆጠራው ነው። ከበባውን አራተኛው ምት ላይ ካልጀመርከው ኢ ዘግይታ ትደርሳለች፣ ምት ላይ የምትወድቀው ዲ ሻርፕ ትሆናለች። ያኔ ሲ ሜጀር ኮርድ ላይ ማይነር 3ኛ ነፋህ ማለት ነው።

ጋሽ_ትራምፔት

የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓቱ ነው።

ጀማሪ ኮርዱን ሰምቶ ይነፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግማሽ ምት ይዘገያል። መሪ ኖታው ኮርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ከአራተኛው ምት በኋላ ባለው ኤይትዝ ላይ ይነሳና ይያዝ። ቢን እዚያ ላይ አንሥተህ ወደ ጂ 7 ባር ብትስባት ኮርዱን የጠራኸው አንተ ትመስላለህ።

ሁለተኛ፣ ሜትሮኖሙ። ዘፈኑ 120 ከሆነ 60 ላይ አድርጉትና ድምፁን ሁለተኛና አራተኛ ምት ብላችሁ ስሙት። መጀመሪያ ላይ አንደኛና ሦስተኛ እየሆነ ይገለበጥባችኋል፤ ያን ጊዜ መንፋቱን አቁሙና በአፍ ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ ዝምታ። የአራት ባር ሐረግ ሁለት ተኩል ባር ተነፍቶ ቀሪው ይተው። አየር እስኪያልቅ የሚነፋ ሰው ሐረጉን የሚጨርሰው ሳንባው ባለቀበት ቦታ ነው፣ ኮርዱ ባረፈበት ቦታ አይደለም።

ድራም_ሳውዝ

ጋሼ እንዳሉት ሰዓቱ ላይ ነው ጨዋታው። ስለ ስዊንግ (ኤይትዞቹን ረጅም አጭር እያሉ የመጫወት የጃዝ ስልት) አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እኛ አገር ልጆች ላይ በተለየ መንገድ ነው የሚበላሸው።

ችክችካ 6/8 ስለሆነ ሦስት ሦስት የመክፈል ስሜት በደማችን አለ። ይሄ ይጠቅማል፤ በዝግታ ቴምፖ የስዊንግ ኤይትዝ የትሪፕሌቱን ሁለት እጅ ለመጀመሪያው፣ አንድ እጅ ለሁለተኛው እንደመስጠት ነው። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አክሰንቱን የችክችካ ቦታ ላይ ካደረጋችሁት ጨዋታው ወደ እስክስታ ይሄዳል። በስዊንግ ጫናው ሁለተኛና አራተኛ ምት ላይ ነው፣ በመስመሩ ውስጥ ደግሞ ከምት ውጭ ያለችው ኤይትዝ ናት በምላስ የምትመታው። ሁለተኛ፣ ቴምፖው ሲፈጥን ኤይትዞቹ እየተስተካከሉ ይመጣሉ። 200 ላይ ሁለት እጅ አንድ እጅ እያላችሁ ብትነፉ ፈረስ ጋለበ።

ባቲ_አትንኩ

ይቅርታ አድርጉልኝና ቅኝትን እንዲህ በየኮርዱ መበተን ልክ ነው? ባቲ የራሱ ማረፊያ፣ የራሱ አካሄድ አለው። ይሄ ኢትዮ-ጃዝ ነው ልትሉን ነው?

ሐይቅ_ዳር_ኪቦርድ

አይደለም፣ ማንም አላለም። አምስቱን ኖታዎች ጆሮና ጣት አብረው ስለሚያውቋቸው በመያዣነት ተጠቀምንባቸው እንጂ ባቲ እየተጫወትን አይደለም። የባቲ ዜማ ሲኖር ማረፊያው የቅኝቱ ነው፤ እዚህ ግን ማረፊያውን በየባሩ የሚወስነው ኮርዱ ነው።

ኢትዮ-ጃዝ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምረው የመጡትን ሀርመኒ ከአምስቱ ኖታ ጋር ሲያጋቡ፣ ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ቤዝና ኮርድ አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል፣ ቅኝቱም ሳይበተን ከላይ ይቆያል። እዚያ ላይ 3ኛና 7ኛ እያሳደድክ ብትዞር ቅኝቱን ታፈርሰዋለህ። እዚህ ላይ ደግሞ ኮርዱ በየባሩ ይሸሻል፣ አንተ አንድ ቦታ ቆመህ ከቀረህ ታቦር የጠየቀው ችግር ይመጣል። ስጋትህ ተገቢ ነው፣ ግን ለሌላው ጨዋታ ነው የሚሆነው።

ባቲ_አትንኩ

እንግዲያ ይሁን። ማይነሩስ? ዲ ማይነር 7 ፍላት 5፣ ጂ 7 ፍላት 9፣ ሲ ማይነር ሲመጣ ባቲያችሁ አይሠራም።

ሮዛ_ጊታር

አይሠራም፣ ልክ ነህ። እዚያ የሚሠራው አንቺ ሆዬ ነው፣ ያውም ከዲ ተነስቶ። ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ። በጂ 7 ዓይን ስታያቸው 5ኛ፣ ፍላት 13፣ ሩት፣ ፍላት 9 እና 3ኛ ናቸው። አንዱም ባዕድ የለበትም። የጎደለው 7ኛው ኤፍ ብቻ ነው፣ ጨምሩት።

ለአልቶ ሳክስ፦ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ።

ግን የጂ 7 ባር ላይ ብቻ! አንድ ባር ቀደም ብሎ ዲ ማይነር 7 ፍላት 5 ላይ ብትጀምሩት ቢ ከኮርዱ ሲ ጋር ይጋጫል። እዚያ ኮርዱን ብቻ ዘርዝሩ፦ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ። አወራረዱ ደግሞ ቢ ወደ ሲ ይወጣል፣ ኤ ፍላት ወደ ጂ ይወርዳል፣ ኢ ፍላት ባለችበት የሲ ማይነር 3ኛ ትሆናለች። ከአምባሰል ጋር እንዳታምታቱት። ጂ አምባሰል ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ነው፤ ሲ አለበት፣ ቢ የለበትም። ኪቦርዱ ጂ 7 ሰስ ፍላት 9 (ቢ በሲ የተተካበትን) ከያዘ ያምራል፣ ቢ ያለበትን ጂ 7 ከያዘ ግን ሲ ላይ ማረፍ አይቻልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ትዝታ ለሚናፍቃችሁም መንገድ አለ፦ ኤፍ ትዝታ ሜጀር በዲ ማይነር ላይ፣ ዲ ፍላት ትዝታ ሜጀር በጂ 7 ላይ፣ ሲ ትዝታ ሜጀር በሲ ላይ። መሃለኛው ሆን ተብሎ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ከኤፍ በቀር ሁሉም የተለወጡ ኖታዎች ናቸው። ኪቦርዱ በጂ 7 ላይ ኤ ወይም ኢ ጨምሮ ከያዘ ግን ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ነው የምትመስሉት።

ታቦር_ሳክስ

ሮዚ እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ሆዬዋ ጉድ ናት። ብሉዝ ላይስ? ኤፍ ብሉዝ ስንጫወት 12ቱንም ባር ኤፍ ባቲ ማይነር ላይ ቢ ናቹራል ጨምሬ ነው የምወጣው። የብሉዝ ስኬሉ ማለቴ ነው። ከሁለት ዙር በኋላ ግን ወሬው ያልቅብኛል።

ጋሽ_ትራምፔት

ስኬሉን አትጣለው፤ ጩኸቱ እሱ ውስጥ ነው። ግን በየመታጠፊያው የኮርዱን 3ኛና 7ኛ አሳይ። ባሮቹን እንደሚከተለው ያዝ፦ 1ኛ ኤፍ 7፣ 2ኛ ቢ ፍላት 7፣ 3ኛና 4ኛ ኤፍ 7፣ 5ኛና 6ኛ ቢ ፍላት 7፣ 7ኛ ኤፍ 7፣ 8ኛ ዲ 7፣ 9ኛ ጂ ማይነር 7፣ 10ኛ ሲ 7፣ 11ኛና 12ኛ ኤፍ 7 ወይም መመለሻ።

ከኤፍ 7 ወደ ቢ ፍላት 7 ስትሄድ ኤ ወደ ኤ ፍላት፣ ኢ ፍላት ወደ ዲ ይወርዳል። 4ኛው ባር መጨረሻ ላይ ኤን ንፋ፣ 5ኛው መጀመሪያ ላይ ኤ ፍላትን፤ በዚያች ግማሽ ቶን ብቻ ሰው ሁሉ ኮርዱ መዞሩን ይሰማል። የብሉዝ ስኬሉን ከመጀመሪያው ባር ጀምረህ ኤ ፍላት እያልክ ከቆየህ ግን 5ኛው ባር ሲመጣ የምትሰጠው አዲስ ነገር የለህም። ወሬው የሚያልቅብህ ለዚህ ነው።

8ኛው ባር ላይ ዲ 7 አንድ እንግዳ ኖታ ያመጣል፣ ኤፍ ሻርፕ። ወደ ጂ ይውጣ ወይም ወደ ኤፍ ይውረድ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ደግሞ ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ ፍላት የሚል መስመር አለ፣ በየባሩ አንድ። እሱን ጀርባ አጥንት አድርገህ በላዩ የፈለግኸውን ስቀል።

ቤዝ_በዝቶ

1-6-2-5ን ረሳችሁት። ሲ፣ ኤ 7፣ ዲ ማይነር፣ ጂ 7፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምት። ሶሊስቶች እዚህ ላይ ነው አራት ስኬል ሊያስገቡ ሲሉ ባቡር የሚያመልጣቸው።

ሁለቱን ባር እንዳለ ሲ ብላችሁ ያዙትና አንድ ኖታ ብቻ ጨምሩ፣ ሲ ሻርፕ፣ በኤ 7 ላይ። ሲ ሻርፕ፣ ሲ፣ ቢ እያለ በግማሽ ቶን ይወርዳል፤ የኤ 7፣ የዲ ማይነርና የጂ 7 መሪ ኖታዎች ናቸው በቅደም ተከተል። ቴምፖው ከፈጠነ እሱንም በየሁለት ዙሩ አንዴ አሳዩት፣ ሌላውን እኔ እነግርላችኋለሁ።

ታቦር_ሳክስ

የመጨረሻ ጥያቄ። ሌሎች ኪዮችን (2-5-1ን ከሲ ውጭ ባሉ መነሻ ድምፆች) በየትኛው ቅደም ተከተል ላጥና? 12ቱን በአንዴ ስጀምር ሁሉም ግማሽ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሐይቅ_ዳር_ኪቦርድ

12ቱን አትጀምር። ሲ ላይ ያረፍክበትን ኮርድ ወደ ሲ ማይነር 7 ቀይረው፣ እሱ የሚቀጥለው 2 ይሆናል፦ ሲ ማይነር፣ ኤፍ 7፣ ቢ ፍላት። ከዚያ ቢ ፍላት ማይነር፣ ኢ ፍላት 7፣ ኤ ፍላት። ብዙ ስታንዳርዶች ራሳቸው በዚህ መንገድ ስለሚወርዱ ልምምዱ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል። መሻገሪያውም ቀላል ነው፤ ከሲ ሜጀር 7 ወደ ሲ ማይነር 7 ስትሄድ ኢ ወደ ኢ ፍላት፣ ቢ ወደ ቢ ፍላት፣ ሁለቱም በግማሽ ቶን። ሆል ኖት መስመሩ እንዲህ ይሆናል፦ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ከዚያ ኢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ከዚያ ዲ ፍላት፣ ዲ ፍላት፣ ሲ።

በአልቶ ሦስቱ ኪዮች ኤ፣ ጂ እና ኤፍ ስለሚሆኑልህ ጣት አያስቸግሩም። እነሱ ያለ ወረቀት ሲወጡ በዲ ፍላት ጀምረህ ቢን እና ኤን ጨምር። ቅዳሜ ለሚቀርበው ግን ዘፈኖቹ ላይ ያሉትን ኪዮች ብቻ ቆጥረህ አውጣ፤ ከሦስት አይበልጡም ብዬ እገምታለሁ።

ታቦር_ሳክስ

ሁለት ናቸው፣ ሲ እና ኤፍ። ኪቦርዱ ልጅ ግራ እጁን ከፍ እንዲያደርግና ጂ 7 ላይ ኤንና ኢን እንዲተውልኝ ልነግረው ነው።

ቤዝ_በዝቶ

ስታይሉንም ይዝጋ በለው!